ከጎማው ሥር

እኔ ፍራንክፈርት ነኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመስታወት ኋላ፤
ሥራዬ መመዘን፦ ከመኪና ሠሪዎች ማን አፈራ፣ ማን በላ።
የማን ትርፍ ከብረት፣ የማን ትርፍ ከብድር፣
የማንስ ባትሪ ነው ቃሉን የሚያከብር፣
በሠንጠረዥ አስሬ ለደንበኛ ስሰጥ
አንዲት ቀን አላየሁ መኪናው ተሰልፎ መርከብ ሆድ ሲሰምጥ።

አክስቴ ቪብከ ግን ብሬመርሃቨን ናት።

ሃያ ስድስት ዓመት የሰው አዲስ መኪና መርከብ ላይ ያወጣች፣
ስንት መቶ ሺውን ነድታ ለራሷ አንዱን ያልገዛች።
በብስክሌት ሄዳ በብስክሌት ጡረታ ወጣች፣ ከጉልበት ሕመም ጋራ፣
ከባሏ ከኦኖ የቀራት የአክሲዮን ወረቀት ነው፣ በብስኩት ቆርቆሮ ያደራ።
የሬንስዶርፍ ሞተር ነው፤ ኦኖ በብየዳ ዓይኑን የከፈለበት፣
በየገናው ጉርሻ በገንዘብ ፈንታ ድርሻ የቆጠሩለት።

በጥር ደወለችልኝ። "ልሽጥ ወይስ ልያዝ?" አለች፣ ያለ ሰላምታ።
"ርካሽ ነው" አልኳት፣ ሠንጠረዤን ገልጬ፣ በሙሉ እርጋታ።
"የገበያው ዋጋ የአራት ዓመት ትርፍ ቢሆን ነው፣ ከዚያ አያልፍም፤
የትርፍ ድርሻው በመቶ ስምንት ነው፣ ይህን ባንክ አይሰጥም፤
ሽያጩም አድጓል፣ የዓመቱ ሪፖርት ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ።"
ዝም አለች። ከዚያ፣ "ለማን ሸጡት?" አለች። "እስቲ ገዢውን ልይ።"

መልስ አልነበረኝም። ቅዳሜ በባቡር ሄድኩ።
ቴርሞሷን ሻይ ሞላች፤ የኦኖን ካፖርት፣ እየረዘመኝ፣ ለበስኩ።
የሰሜን ባሕር ነፋስ ጨውን እንደ አሸዋ ፊታችን ይበትናል፣
ከሽቦው አጥር ወዲያ የመኪናው ሰልፍ ዓይን ያታክታል።

"ነጩን እይ" አለችኝ። "ሦስተኛው መደዳ፣ ከመብራቱ ግንድ ሥር።
ከመስከረም ወዲህ ንቅንቅ አላለም፣ እየመጣሁ ስቆጥር።
ጎማው ሥር ሣር አለ። መስኮቱን የሸፈነው የወፍ ኩስ ነው።
ያንተ ገጽ ሠላሳ አንድ ይህን መኪና ነው 'ተሸጠ' የሚለው?"

ደብተሯን አወጣች፤ የተማሪ ደብተር፣ በካሬ የተሰመረ፣
በየማክሰኞው ቀን፣ በየሠሪው ስም፣ በእርሳስ የተቆጠረ፦
የሬንስዶርፍ አራት ሺህ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሰባት፤
ከኮሪያ የመጣው ግን ሰኞ ወርዶ ረቡዕ ቦታው ባዶ መሬት።

"ከፋብሪካው በር ሲወጣ እንደ ተሸጠ ይቆጠራል" አልኩ፣ እያፈርኩ፤
ያን የሒሳብ ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት፣ እኔው እየተናገርኩ።
በሰማይ ያለች ላም፣ ወተቷ በየሩብ ዓመቱ
በወረቀት የሚታለብ፣ በወረቀት የሚናጥ ቅቤና እርጎቱ።

ሰኞ ጠዋት ሸጠችው። አንዲት ድርሻ ብቻ አስቀረች፣ የመጀመሪያይቱን፣
ኦኖ ከጥርስ ሐኪም ደረሰኝ ጋራ አጥፎ ያኖራትን።

በሚያዝያ ሬንስዶርፍ የራሱን አክሲዮን ሊገዛ ነው ተባለ፣
ዋጋው በአንድ ሳምንት በመቶ ሃያ ሁለት ዘለለ።
ሰባት ሺው መኪና እዚያው ቆሞ ጨው እየላሰ
ገበያው እልል አለ፤ አለቃዬም ብርጭቆ አንሥቶ ከንፈሩን አራሰ።

ደወልኩላት፣ እንደ ጥፋተኛ።
"ቆጠራዬ ስሕተት ነበር?" አለች። "የለም፣ ልክ ነበር" አልኳት።
የማንኪያ ድምፅ ሰማሁ፣ ሻይዋን ስታማስል፤ ምንም አልቸኮለባት።
"እንግዲያው እነሱ የሚቆጥሩት ሌላ ነው፣ እኔ የማላየው።
የማላየውን ደግሞ በእርሳስ አልጽፈው።"

ከዚያ ወዲህ በሠንጠረዤ ጫፍ፣ ከዕዳው፣ ከትርፉ፣ ከባትሪው ወጪ ቀጥሎ
አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ ርእሱ "ሣር" የሚል፣ በትንሽ ፊደል ተነጥሎ።
አለቃዬ አይቶ "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" ሲለኝ "የወደብ ነገር" ብዬ አለፍኩት፤
ማክሰኞ ማታ ከቪብከ ሲደርሰኝ ቁጥሩን እዚያ ሞላሁት።

በሰኔ ግን ቁጥር አልላከችም። ሁለት መስመር ብቻ፦
"ነጩ መኪና ሄዷል። ማን እንደ ወሰደው እንጃ።
ሣሩ አለ።"